ከማንም ጋር አልቀመጥም

መስከረም 28

ለውዷ ልጄ፣ ለላቦራቶሪዋ ዶክተር፤

እንዴት ሰነበትሽ? ሥራው፣ ጓደኞችሽ፣ ያ የሚያፈሰው ጣሪያሽ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንኩም። አልሳልም።

ስለ ስልኩ ለጠየቅሽኝ፣ ሱሪዬን ሳጥብ ከኪሴ ሳላወጣው ቀርቼ ውሃ ገባበት። ይበራል፣ ይጠፋል፣ ሰው ግን አያናግርም። ለነገሩ ደብዳቤ ይሻላል። በስልክ የተባለውን ነፋስ ይወስደዋል፤ በጽሑፍ የሰፈረ ግን ቆሞ ይከራከርልሻል። እኛ ዳኞች ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ሪፖርት የምንጽፈው ወደን አይደለም። ደብዳቤያችንን የሚያመላልስልን የአውቶቡሱ ሾፌር ነው። አምና በሠራተኞች ሊግ ግብ ጠባቂ ሆኖ ሲጫወት በቀይ ካርድ አስወጥቼው ነበር። ቂም የማያውቅ ልጅ ነው። "ጋሼ፣ የእርስዎን ደብዳቤ እንደ እንቁላል ይዤ ነው የማደርሰው" ብሎኛል።

እሱ ባሳየሽ ፎቶ ላይ ከስቼ የታየሁሽ ከጎን ስላነሳኝ ነው። ከጎን ሲነሳ ማን ወፍራም አለ? ደግሞ በእኔ ዕድሜ ከወጣት ጋር እኩል የሚሮጥ ሰው ሥጋ ከየት ያመጣል? ሜዳውም አቧራ ነው። ፊሽካ ልነፋ አየር ስስብ አፈሩን አብሬ እስባለሁ። ይህ ጉሮሮን ያስጠርጋል እንጂ ሌላ ስም አይሰጠውም። አልሳልም ያልኩሽ ለዚህ ነው።

አንድ ደስ የሚል ወሬ ልንገርሽ። በቅርቡ ራጅ የሚያነሳ መኪና ሜዳችን ድረስ ይመጣል ተብሏል። ተጫዋቾቹ ፈርተዋል፤ ስንት ጎረምሳ፣ ኳስ በደረቱ የሚያቆም ሁሉ፣ ደረቱን ለማሽን መስጠት ፈራ። የሊጉ ኃላፊዎች "አንተ ቀድመህ ቁም፤ አንተን አይተው ይቆማሉ" አሉኝ። ሰው ሲያከብርሽ እምቢ አይባልም።

በይ ደህና ሁኚ። ለእኔ አታስቢ። አልሳልም።

አባትሽ


ጥቅምት 5

አባዬ፣

እንደምን አለህልኝ? እኔ ደህና ነኝ። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል።

መጀመሪያ፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ፖስታው ላይ "ለዶክተር" ብለህ ስለጻፍክ የክፍሌ ልጆች ይኸው ሰሞኑን ሁሉ "ዶክተር፣ ብርጭቆ አቀብይን" እያሉ ይሳለቁብኛል።

ቀጥሎ፣ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ሦስት ጊዜ አልሳልም ብለኸኛል። እኔ የጠየቅሁህ ስልክህ ለምን እንደማይነሳና ለምን እንደከሳህ ነበር። ስለ ሳል ያነሳ ሰው የለም። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች አሉ።

ስልኩንም በተመለከተ፣ ሾፌሩ ደብዳቤህን ሊቀበል ሲመጣ ከአንድ ሰው ጋር በስልክ እየተሳሳቅህ ስታወራ አግኝቶሃል። ሰው የማያናግር ስልክ እንዴት እንደሚያስቅ እስቲ ጻፍልኝ። እኔ የሚመስለኝን ልንገርህ? ስልኩን የማታነሳው ስትስል እንዳልሰማህ ነው።

አልቆጣህም። ቀኑን ሙሉ የማየው የሰው አክታ ነው፤ ከአክታ ጋር የሚውል ሰው ለቁጣ ትዕግሥት ያገኛል። ብቻ ያ መኪና ሲመጣ እንዳልከው ቀድመህ ቁም። የሚሉህን ደግሞ ሳትጨቃጨቅ አድርግ።

ልጅህ


ጥቅምት 17

ለውዷ ልጄ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። በላክሽው ብጣሽ ወረቀት ላይ "ኩባያውን ወረወርከው ወይ?" ብለሽኛል። ሾፌሩ ሆዱ ውስጥ ነገር አያድርም ማለት ነው። አልወረወርኩትም። አስቀመጥኩት። ከትንሽ ከፍታ ላይ ሆኜ አስቀመጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናው መጣ። ራጅ ማንሻው ካሜራ የሚያክል ነገር ነው፤ እኔ ቁም ሣጥን የሚያክል ጠብቄ ነበር። ቀድሜ ቆምኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ተጫዋቾቹ ተራ በተራ ገቡ። ፎቶውን የሚያነበው ሐኪም አይደለም፣ ኮምፒዩተር ነው። አይቶ ሳይጨርስ ይናገራል። ሁሉም ንጹሕ ናቸው አለ። ያ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጋራ የሚያጨሰው ተከላካይ ሳይቀር ንጹሕ። ምሳሌ ሆኖ የቆመው ዳኛ ሳንባ ላይ ብቻ ቀይ ቀባበት። ከላይ በቀኝ በኩል፣ የማዕዘን ምት በሚመታበት ቦታ።

ማሽን እንዴት እንደማምን ታውቂያለሽ። በቪዲዮ ደግመው አይተው ፍፁም ቅጣት ምቴን የሻሩብኝ ቀን ነው ያስጠሉኝ። የጤና ጣቢያው ነርስ መጥታ፣ ልጅ እግር ናት፣ "ጋሼ፣ ይህ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ አክታዎን እንይ" ብላ ክዳን ያለው ኩባያ ሰጠችኝ። ሃያ ሁለት ተጫዋች እያየኝ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሜዳ ላይ የተፋውን ስገሥጽ የኖርኩ ሰው ነኝ።

እሱ ግን ሰበብ ነው። እውነቱን ልንገርሽ። ታላቅ ወንድሜን አታስታውሺውም፤ አንቺ ሳትወለጂ ነው የሞተው። የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበር፤ እንደሱ የሚሮጥ አላየሁም። ይህ ቲቢ የሚሉት በሽታ ያዘውና ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው ሆስፒታል አስገቡት። ወራት ሙሉ መርፌ ነው፣ በየቀኑ። ዳነ። ሲመለስ ግን ጆሮው አይሰማም፤ መርፌው ነው የወሰደው። ሜዳ ተመልሶ ሲጫወት ፊሽካ ተነፍቶ ሁሉም ሲቆም እሱ ብቻውን ይሮጣል። ሄዶ ጎል ያገባል፣ እጁን ዘርግቶ ደስ ብሎት ዞር ሲል ሰው ይስቃል። ያኔ ከመስመር ውጪ ቆሜ አይ ነበር። በኋላ ሜዳውን ተወው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ለእኔ ግን እንጀራዬ ነው። አሮጌ ሳንባ ይዤ ብሞት ይሻለኛል።

አባትሽ


ጥቅምት 22

አባዬ፣

ደብዳቤህን ሥራ ቦታ ከፍቼው ተነሥቼ ወጣሁ። ስለ አጎቴ ይህን ነግረኸኝ አታውቅም።

ስማኝ። አጎቴን ያደነቆረው መርፌ ዛሬ ለዚህ በሽታ ለሚመጣ ሰው አይታዘዝም። አሁን የሚዋጥ ኪኒን ነው። በየቀኑ፣ ለስድስት ወር፣ ቤትህ ተቀምጠህ። መድኃኒት እምቢ ያለውን ክፉውን ዓይነት እንኳ ዛሬ በኪኒን ነው የሚያድኑት። የጆሮህን ነገር ለእኔ ተወው።

ማሽኑን በተመለከተ፣ ራጁ የቀባው ቀይ ካርድ አይደለም፤ የመስመር ዳኛ ባንዲራ ማንሳት ነው። ባንዲራ ተነሣ ብለህ ሜዳ ለቅቀህ ትሄዳለህ? ሄደህ ትጠይቃለህ። አክታው ወደ ሌላ ማሽን ይገባል፤ እኔ እዚህ ከምሠራበት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ድሮ አክታ ዘርተን ጀርሙ እስኪበቅል እንደ ገበሬ ሳምንታት ቁጭ ብለን እንጠብቅ ነበር። አሁን ጠዋት ከሰጠህ ከምሳ በፊት፣ ጀርሙ አለ ወይስ የለም ብሎ ይነግርሃል። ካለ ደግሞ ዋናውን መድኃኒት ይፈራል ወይስ አይፈራም የሚለውንም ጭምር።

ሰው እንዳያይህ ከሆነ በጠዋት ሂድ። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ከዛፉ ኋላ ቦታ አለ፤ ነርሷን ጠይቄልሃለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

ልጅህ


ጥቅምት 30

ለውዷ ልጄ፤

እንዴት ነሽ? እኔ ከናፍቆትሽና ከሳንባዬ በቀር ደህና ነኝ።

ሄድኩ። ዛፉ እንኳን ሰው ድመትም አይሸሽግም፤ ግን ዞር ብዬ ሰጠሁ። ከምሳ በፊት ነርሷ ጠራችኝ። "ጋሼ፣ ቲቢ ነው። ደግነቱ መድኃኒቱን የሚሰማ ዓይነት ነው" አለችኝ። "ጀርሙ ነው የሚሰማው?" አልኳት። "አዎ።" "እኔስ?" "እርስዎም እንደ በፊቱ ይሰማሉ።" ይህን ከሰማሁ በኋላ ሌላ የተናገረችውን አላዳመጥኩም፤ ደስ ብሎኝ ስለ ቪዲዮው እከራከራት ጀመር።

አለማዳመጤ ግን ዋጋ አስከፈለኝ። ኪኒኑን ከጀመርኩ በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ሳይ፣ ከእኔ የወጣው ብርቱካን ጭማቂ ነው። ቀይ፣ ደማቅ፣ ያበራል። አለቀልኝ አልኩ፤ ኩላሊቴ ቀልጦ እየወጣ ነው። ንጹሕ ሸሚዝ ለበስኩ፣ ቤቱን አጸዳሁ፣ የማስወርስሽን ለይቼ አልጋ ላይ ደረደርኩ። ፊሽካዬን ለሾፌሩ አደረግሁለት፤ ግብ ጠባቂ ሆኖ አይሆንም፣ ምናልባት ዳኛ ይሆናል። ከዚያ ጋደም ብዬ መሞት ጠበቅሁ። እስኪመሽ ስጠብቅ ራበኝ።

ሊሞት ያለ ሰው እንዲህ ይርበዋል ወይ? ለዚህ ቶሎ መልስ ስጪኝ።

አባትሽ


ኅዳር 4

አባዬ፣

ሾፌሩን ደብዳቤውን እስኪወስድ በር ላይ አቁሜ ነው የምጽፍልህ። እየሳቅሁ ስለሆነ እጅ ጽሑፌ ከተበላሸ ይቅር በለኝ።

አትሞትም። የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ሽንትህን፣ ላብህን፣ እንባህን ሳይቀር ያቀላዋል። ነርሷ "ጋሼ፣ ቀይ ያያሉ፣ አይደንግጡ" ብላህ ነበር፤ ከመዝገቧ አንብባልኛለች። የተራብከው እየዳንክ ስለሆነ ነው። ብላ። ፊሽካህንም ከሾፌሩ ተቀበለው፤ እየነፋ መንገደኛ እያስደነገጠ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ነርሷን በስልክ አግኝቻት ነበር። ከበሽተኛ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ አዘውትሮ የተቀመጠ ሰው ሁሉ መታየት አለበት፤ ሕጉ ይህ ነው። ሜዳው አያሳስበኝም፤ ሜዳ ላይ ነፋስ አለ። የሚያሳስበኝ መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ነው። ነርሷ "ከማን ጋር ይቀመጣሉ?" ስትልህ "ከማንም ጋር አልቀመጥም" ብለህ መልሰሃል። ጨርሶ ከማንም።

ታዲያ ሾፌሩ ከሰዓት በኋላ በመጣ ቁጥር ለምንድነው ቤትህ የሚዘጋው? ካርታ ነው? መጠጥ ነው? ምንም ይሁን፣ አልፈርድብህም። ንገረኝ ብቻ።

ልጅህ


ኅዳር 10

ለውዷ ልጄ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? የአየሩ ሁኔታስ? እዚህ ደመና ነው፤ ግን አልዘነበም። ሊዘንብ ይችላል። ላይዘንብም ይችላል።

ለጥያቄሽ ካርታ አይደለም። መጠጥም አይደለም። የማልያ ጉዳይ ነው።

የሊጉን ማልያ የምትሰፋ አንዲት ሴት አለች። ልብስ ሰፊ ናት፣ ሌላ ምንም አይደለችም። ክፍሏ ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫው ኋላ ነው። ሁለት የስፌት መኪና አላት፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ደግሞ ይቀመጡበታል። በማልያው ላይ የምትሰፋው ቁጥር ከሩቅ እንዲነበብ ዳኛ ማየት አለበት፤ ስምንት ሦስት ከመሰለ ካርድ ለማን ይሰጣል? ስለዚህ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ቁጥር አያለሁ። ሊጉ ውስጥ ስንት ቡድን እንዳለ ታውቂያለሽ። ሥራው አያልቅም። ሻይ ታቀርባለች፤ ስኳሩን ሳልነግራት ታውቀዋለች። ይህ ግን ከማልያው ጋር አይገናኝም።

መስኮቱ ይዘጋል። የተቆረጠው ጨርቅ ቀላል ነው፣ ነፋስ ከገባ ይበተናል። ሰሞኑን እሷም ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ ክር ነው ትላለች።

በሽታዬ ከታወቀ ወዲህ አልሄድኩም። መንገድ ሄጃለሁ ብያታለሁ። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ስታልፍ ስላየኋት ከጠረጴዛ ሥር ገብቼ ነበር።

ደመናው እየጠቆረ ነው። ልሰናበትሽ።

አባትሽ


ኅዳር 13

አባዬ፣

ማልያውን አንብቤዋለሁ። ቁጥሩ ከሩቅ ይነበባል።

እናቴ ካረፈች ብዙ ጊዜ ሆነ። ብቻህን ሆነህ ደብዳቤ ስትጽፍልኝ ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል፤ የሻይህን ስኳር የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ለእኔ መልካም ወሬ ነው። ትንሽ የከፋኝ ከእኔ መደበቅህ ነው። እሱ ይቆየን።

የማይቆየው ሌላው ነው። ያ ክፍል ጠባብ ነው፣ መስኮቱ ዝግ ነው፣ አንተ ደግሞ እንደ ነጋሪት ስትስል ነው የከረምከው። ጉሮሮዋን ትጠርጋለች ብለህ በአንድ መስመር አልፈኸዋል። ለእኔ ከደብዳቤው ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ክር ይሆናል። ካልሆነስ? የምትወደው ሰው ሳንባ ላይ ክር ነው እያልክ ልትቀመጥ ነው?

ማስክህን አድርግ፣ በሩ ላይ ቁም፣ መስኮቱን አስከፍት፣ ንገራት። ከጠረጴዛ ሥር ውጣ።

ልጅህ


ኅዳር 17

ለልጄ፤

ሰላምታ ይቅር፤ የሚሆን ጊዜ አይደለም።

ሄድኩ። በሩ ላይ ቆምኩ። ማስክ አድርጌያለሁ። ቀና ሳትል "ከመንገድ ገባህ?" አለችኝ።

"ገባሁ" አልኩ።

"ጠረጴዛው ሥር አገሩ እንዴት ነው?"

ይህን ያህል ታውቃለች። ነገርኳት። ቲቢ ነው፣ መድኃኒት ጀምሬያለሁ፣ አንቺም መታየት አለብሽ አልኩ። ደነገጠች ብለሽ ነው? ክሯን በጥርሷ በጠሰችና "ሳልህን ከሰማሁት ቆየሁ፤ ጤና ጣቢያ ሂድ ብዬህ አልነበር? አቧራ ነው ያልከው አንተ" አለች። እሺ አልኩ። ይቅርታ አልኩ። ሁሉም ነገር በሰላም እየሄደ ነበር።

ከዚያ "ታዲያ ነርሷ እስካሁን እኔን ለምን አልጠራችኝም? የጎረቤቴ ልጅ በታመመ ጊዜ ቤተሰቡን ሁሉ ጠርታለች" አለች። ልጄ፣ ውሸት መናገር ነበረብኝ። አልቻልኩም። "ከማን ጋር ይቀመጣሉ ስትለኝ ከማንም ጋር አልቀመጥም ብያታለሁ" አልኳት።

የስፌት መኪናውን አቆመች።

"ማንም" አለች።

"ስምሽን ላለማንሳት ነው። ክብርሽን..."

"ዓመት ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ማንም ነበርኩ? ሻዩን ያፈላልህ ማንም ነው? በዓመት በዓል ብቻዬን እንዳልሆን ብለህ ስትመጣ፣ ማንም ጋ ነው የመጣኸው?"

"እንደሱ ማለቴ..."

"እንግዲያው ማንምን ውሰድና አስመርምራት። እኔ አልሄድም።"

መስኮቱን ራሷ ከፈተችው። ጨርቁ ሁሉ ተበተነ። እሷ ግን ልትሰበስበው አልተነሣችም። እኔ ነኝ በጉልበቴ ሄጄ የለቀምኩት። ስወጣ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማኋት።

ምን ይሻላል?

አባትሽ


ኅዳር 19

አባዬ፣

እሷ ልክ ናት። እኔም ብሆን አልመረመርም ነበር።

የሚሻለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ ተመለስና ቀድሞ የተናገርከውን ሻር። አንዴ የወሰንከውን ሽረህ እንደማታውቅ አውቃለሁ። ሆኖም ይህን ሻር። ዛሬውኑ።

ልጅህ


ኅዳር 25

ለውዷ ልጄ፤

በጤና አለሽልኝ? "ጤና ጣቢያው ውስጥ የተጨበጨበው ለምንድነው? ከሾፌሩ ሳይሆን ካንተ አፍ ልስማው" ላልሽው፣ ይኸው።

ወረፋው ረጅም ነበር። ከሊጉም ተጫዋቾች ነበሩ፤ አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት። ተራዬ ሲደርስ ቀስ ብዬ ልናገር ወደ ነርሷ ጠጋ አልኩ። እሷ "ጋሼ፣ ማስኩ ያፍነዋል፣ ጮክ ይበሉ" አለችኝ። የእኔን ድምፅ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ጮክ ካለ መካከለኛ ደረጃ የለውም።

"ከማንም ጋር አልቀመጥም ያልኩት ሐሰት ነው። ሽሬዋለሁ" አልኩ። ወረፋው ሁሉ ዞረ። "በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከልብስ ሰፊዋ ጋር እቀመጣለሁ። መስኮቱ ይዘጋል።"

አንዱ ሳቀ። ነርሷ ግን ኮስተር ብላ "መልካም። ምንዎ ናቸው?" አለችኝ።

"ምኔ ማለት?"

"ዝምድናቸው። እህት፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ?"

ልጄ፣ ሰማንያ ሺህ ሰው ፊት ፍፁም ቅጣት ምት ልሰጥ የቆምኩ መሰለኝ። ጎረቤት አይደለችም። እህቴ አይደለችም። የሥራ ባልደረባ ልል አፌን ከፈትኩ፣ "ማንም" ያልኩት ትዝ አለኝ፣ አፌ ውስጥ የነበረው ሌላ ሆኖ ወጣ።

"እጮኛዬ ናት" አልኩ። ካፍ የወጣ አፋፍ።

ከኋላዬ "መቼ ጠየቅኸኝ?" የሚል ድምፅ መጣ።

ዞርኩ። ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ራሷ መጥታ ከእኔ ኋላ ተሰልፋ ኖሯል፤ ስገባም ስወራጭም ስታየኝ ነበር። ባለ ቁርጭምጭሚቱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ወረፋው ሁሉ ተከተለው። በሰው ፊት እርስዎ እላታለሁ፣ ብቻችንን ስንሆን አንቺ ነው የምላት፤ ያን ጊዜ ግን ሁለቱም ጠፍተውኝ "መጡሽ?" አልኳት።

ተመረመረች። ራጁ ንጹሕ ነው፣ አክታዋም ንጹሕ ነው። ክሩ እውነትም ክር ነበር። የደም ምርመራው ግን ጀርሙ ሰውነቷ ውስጥ ገብቶ አንቀላፍቶ እንደሚገኝ አሳየ። እንዳይነቃ የሚከለክል መድኃኒት ሰጥተዋታል፤ በሳምንት አንዴ፣ ለሦስት ወር። "የእኔ በሳምንት አንዴ ነው" እያለች ትኮራብኛለች።

እስከ ጽሕፈት መሣሪያ መሸጫው አብረን ተመለስን። "ያልኩት እውነት ነው፤ አሁን ልጠይቅሽ" አልኳት። "አሁን አይደለም" አለችኝ። "የጀመርከውን የምትጨርስ ሰው መሆንህን ልይ። መድኃኒትህን ጨርስና ያኔ ጠይቀኝ።"

ስድስት ወር ፈተና ላይ ነኝ ማለት ነው።

አባትሽ


ጥር 20

አባዬ፣

ስልክህ ከሳልህ ጋር አብሮ በመዳኑ ደስ ብሎኛል። ትናንት ግን "ኪኒኑን እየዋጥህ ነው?" ስልህ መስመሩ ተቋረጠ አልከኝ። መስመሩ አልተቋረጠም፤ ስትተነፍስ ይሰማኝ ነበር። ለዚህ ነው ወደ ወረቀት የተመለስኩት።

ድኛለሁ ብለህ ልታቆም አስበሃል። አክታህ ንጹሕ ሆኗል፣ ትሮጣለህ፣ ትበላለህ፤ አውቃለሁ። ሁሉም በዚህ ወር ነው የሚሸወደው። የቀሩት ጀርሞች ጥቂት ናቸው፤ ግን ጥጋቸውን ይዘው የተደበቁ ናቸው። አሁን ካቆምክ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ያኔ መድኃኒቱን መስማት ትተው ይሆናል። በየቀኑ እንዲህ ያለ አክታ በእጄ ያልፋል። የአንተን ማየት አልፈልግም።

ኪኒኑ ሆድህን ካስከፋው ከምግብ በኋላ ስለመዋጥ ነርሷን ጠይቃት። ካልሆነ ግን ለልብስ ሰፊዋ እጽፍላታለሁ። አድራሻዋን ሾፌሩ ያውቀዋል።

ልጅህ


ግንቦት 2

ለውዷ ልጄ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፤ በዚህኛው ዋሽቼሽ አይደለም።

ለልብስ ሰፊዋ ልትጽፊላት አያስፈልግሽም ነበር። ካስጠነቀቅሽኝ ጀምሮ ኪኒኔን የምውጠው እሷ ፊት ነው። መስኮቱ ተከፍቶ፣ ጨርቁ ላይ መቀስ ተጭኖ። የእሷ ካለቀ በኋላም ውሃውን እየቀዳች ትጠብቀኝ ነበር።

ትናንት የመጨረሻውን ዋጥኩ። ነርሷ መዘነችኝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ መዘነችኝ፣ ሚዛኑን መታ መታ አድርጋ እንደገና መዘነችኝ። "ጋሼ፣ ድነዋል" አለችኝ። ጆሮዬን ለመፈተን ብዬ "ምን አልሽ?" አልኳት፤ ደግማ እንድትለው ነው እንጂ ሰምቻታለሁ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ስፌት ክፍሉ። የምናገረውን መንገድ ላይ አጥንቼ ነበር፤ ጥሩ ንግግር ነው፣ ሦስት ክፍል አለው። ስገባ እሷ የለችም። ከክፍሉ መጋረጃ ኋላ ሆና "ሸሚዝህን ሳታወልቅ ይህን ልበስ" አለችና በመጋረጃው በኩል ልብስ አቀበለችኝ። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ፣ ሙሉ ልብስ። ለበስኩት። ትከሻው ልክ ነው፣ ወገቡ ልክ ነው፣ እጅጌው ልክ ነው። ሜትር ይዛ ነክታኝ አታውቅም።

"መቼ ለካሽኝ?" አልኳት።

"ጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ፣ ከኋላህ ቆሜ። በዓይኔ።"

"ያን ጊዜ እኮ አጥንት ብቻ ነበርኩ። ይህ ልብስ ያኔ ቢሆን ሁለት እኔን ይይዝ ነበር።"

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ኮሌታዬን አስተካከለች፤ የሚስተካከል ነገር አልነበረውም።

"ለዚያ ሰውዬ አይደለም የሰፋሁት" አለችኝ። "ለሚድነው ነው።"

ንግግሬ ሦስቱም ክፍል ጠፋኝ። እንባዬ መጣ፤ ደግሞ መድኃኒቱ ገና ስላልለቀቀኝ ቀይ ነው፣ ኮሌታው ላይ እንዳይንጠባጠብ አገጬን ወደ ጣሪያ ሰቅዬ ነው ያለቀስኩት። እንደዚያ ሆኜ፣ ጣሪያውን እያየሁ፣ ጠየቅኋት።

ቅዳሜ ስትመጪ መልሷን ከራሷ አፍ ስሚው፤ አውቶቡሱ ላይ ከኋላው ወንበር እንዳትቀመጪ፣ ይነቀንቃል። እኔ ይህን የምጽፍልሽ ግን ሱፉን ሳላወልቅ ነው።

አባትሽ